የመካኒኩ ሁለት መጨረሻ

ይገዙ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ ቶሎ ብሎ ድንጋይ ስለሚያነሳ ነው። ኮልፌ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ተማሪ አይመታም፣ መጠጥ አያበዛም፣ አማቱን አቶ ገሜዳን ከመቀመጫው ሳይነሳ አያናግርም። አንድ ጉድ ብቻ ነበረበት። ታላቅ ወንድሙ እዚሁ ዘነበወርቅ፣ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሚስቱ ጉዲቱ ግን ያ ወንድም ጎጃም፣ ሞጣ፣ የእናታቸውን ቤት የሚጠብቅ ይመስላታል።

ወንድሙ ተክለሃይማኖት ልብስ ሰፊ ነበር። ይገዙን በልጅነቱ ከሞጣ አምጥቶ፣ አብልቶ አልብሶ፣ አስተምሮ ለመምህርነት ያበቃው እሱ ነው። አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ ጣቱን ወጋው። ሕመሙ አልተሰማውም፤ ያወቀው ደሙ የደንበኛ ጨርቅ ላይ ሲንጠባጠብ አይቶ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሥጋ ደዌ ነው አሉት። ይገዙ ያኔ ወደ እነጉዲቱ ቤት ሽማግሌ ልኮ መልስ ይጠብቅ ነበር። "ወንድምህ የት ሄደ?" ሲሉት "አገር ቤት" አለ። ቃሉ ሲወጣ ምንም አልከበደውም። ሰርጉ አለፈ፣ ዓመቱ ዞረ፣ ቃሉ ግን እንደወጣ ቀረ። ጉዲቱ ሙሽራ ሆና የገባችበት የቀበሌ ቤት እንኳ እስከ ዛሬ በተክለሃይማኖት ስም ነው የተያዘው። እሁድ እሁድ ይገዙ "ማጠናከሪያ አስተምራለሁ" ብሎ ይወጣና ወንድሙን ጠይቆ ይመለሳል። ሳይጠይቀው የቀረበት እሁድ የለም፤ ይህንም ለራሱ ደጋግሞ ያነሳ ነበር፣ እንደ ማስታገሻ።

በዚያ ዘመን ሐሙስ ማታ ሰፈሩ በሙሉ አቶ ገሜዳ ቤት ነው። አቶ ገሜዳ አጠና ተራ እንጨት ይነግዳሉ፤ በመንደሩ ቴሌቪዥን ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። ሰዉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባና "የሊራ ጉዞ" የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ያያል። ሊራ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትጓዝ መርከብ ናት። መጀመሪያ ሰሞን አቶ ገሜዳ "ሊራ የጣልያን ገንዘብ አይደለም እንዴ?" እያሉ ሲያሾፉ ነበር። ኋላ ግን ከማንም በላይ የተነደፉት እሳቸው ሆኑ፤ ፊልሙ ሲጀምር ያስነጠሰ ሰው ወዮለት።

የፊልሙ ነገር የጦፈው መካኒኩ ቶቢን ሲታመም ነው። አንዲት ጨረቃ ላይ ወርዶ ሳለ የአመድ በሽታ ያዘው፤ ቆዳው እየገረጣ፣ እጁ እየደነዘዘ ሄደ። ባልደረቦቹ ፈሩ። ካፒቴኗ ሰው በሌለበት አሮጌ ጣቢያ ላይ፣ አንድ መብራት ትተውለት፣ አወረደችው። ሊራ ስትሄድ መካኒኩ በመስኮት ሲያያት ፊልሙ አበቃ። የዚያን ዕለት አቶ ገሜዳ ቤት ራት የበላ የለም። ከዚያ መስከረም ጠባ፤ የአብዮቱ በዓል ዝግጅት የቴሌቪዥኑን ሰዓት ወሰደውና ሰዉ "ተመልሰው ይወስዱታል ወይስ አይወስዱትም?" እያለ ሲከራከር ሰነበተ።

ሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥም ቴሌቪዥን ነበረ። ተክለሃይማኖትም እዚያ ሆኖ ይከታተላል። "ይሄ መካኒክ እኮ እኔ ነኝ" ይል ነበር እየሳቀ።

ይገዙ በዚያ ሰሞን መርካቶ፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚነጠፍበት፣ ሽፋኑ ላይ ሊራ የተሳለችበት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አገኘ። ፊልሙን ተከትሎ የተጻፈ ነው። ሰዉ ገና ያላየውን ሁሉ ይዟል። መግቢያውን ዘሎ፣ ሌላውን አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ጨረሰው። በማግስቱ እሁድ መጽሐፉን በቦርሳው ይዞ ወደ ዘነበወርቅ ሄደ።

ተክለሃይማኖት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሆስፒታሉ የሠራለትን ሰፊ ጫማ አድርጎ ይጠብቀው ነበር። ፊቱ በርቷል።

"ድነሃል አሉኝ" አለ። "ከእኔ ወደ ማንም አይተላለፍም፤ እግርህን ብቻ ከእሳትና ከእንቅፋት ጠብቅ አሉኝ። ከመስቀል በኋላ ትወጣለህ ብለውኛል።"

"እሰይ ጋሼ! ተመስገን!" አለ ይገዙ። ደስታው የእውነቱን ነበር። ግን ወዲያው ጉዲቱ ታየችው፤ ከእሷ ኋላ አማቱ፣ ከአማቱ ኋላ መንደሩ በሙሉ። ተክለሃይማኖት ደግሞ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው፦ "ቤትህ እንሂድ።" ይገዙም ቃሉን ያውቀዋል። አፉ ግን እምቢ አለው። እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደና መጽሐፉን አወጣ።

"የሊራን መጽሐፍ አገኘሁ።"

"መጨረሻው አለበት? ይመለሱለታል?"

ይገዙ ገጹን ገልጦ በአማርኛ እየመለሰ አነበበለት። በመጽሐፉ ውስጥ ሊራ አትመለስም። መካኒኩ ራሱ በሬዲዮ ይጠራቸውና "አትመለሱ፤ እኔ እዚህ ሥራ አለኝ፣ ለሚያልፍ መርከብ መብራቱን እጠብቃለሁ። እናንተ መንገዳችሁን ሂዱ" ይላቸዋል። ካፒቴኗ ታለቅሳለች፤ መርከቧ ትሄዳለች። ይገዙ ከራሱ አንድ ቃል አልጨመረም። ብቻ ሌላ ጊዜ ሲተረጉም የሚቸኩለው ሰው ያን ቀን እንደ ዳዊት ደጋሚ ረጋ ብሎ ነበር የሚያነበው።

"ራሱ ነው ተዉኝ ያለው?" አለ ተክለሃይማኖት።

"ራሱ ነው።"

"አስገድደውት አይደለም?"

"አይደለም ጋሼ። ይኸው፣ እዚህ ጋ ተጽፏል" አለና እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው መስመሩን በጣቱ አሳየው።

ተክለሃይማኖት መስመሩን እንደሚያነብ ሰው ብዙ አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "ጎበዝ ልጅ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶም "እኔንም እኮ እዚሁ ስፌት ክፍል ሥራ አለ ብለውኛል። አብሮኝ ከተኛው ከይመር ጋር ከሆስፒታሉ ጀርባ ቤት እንከራያለን። አንተን አላስቸግርም" አለ።

"ኧረ ምን ማስቸገር አለው?" አለ ይገዙ፤ ለመሄድ የተነሳ እንግዳን ለይሉኝታ "ምነው፣ ቆዩ እንጂ" እንደሚባለው።

ሲመለስ ውይይት ታክሲ ያዘ። ደረቱ ቀልሎታል። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ በሚቀመጥባት በዚያች ታክሲ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትክ ብለው ሲያዩት ነው ቅለቱን ያወቀው። እንደ ሌባ አፈረና አንገቱን ደፋ። ደግሞም መልሶ ራሱን ያጽናናል፤ "ምን ዋሸሁ? የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።" ከቤቱ እስኪደርስ ያንኑ ሲመላለስበት ነበር፤ ልቡ ግን አላመነውም።

ሐሙስ ደረሰ፤ ፊልሙም ተመለሰ። አቶ ገሜዳ ቤት ሰው በሰው ላይ ተቀመጠ። ይገዙ መጨረሻውን እንደሚያውቅ ሰው ተረጋግቶ ከአማቱ አጠገብ ነበር። መካኒኩ ጣቢያው ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሬዲዮኑንም አነሳ፤ "አትመለሱ" አለ። ይገዙ በሆዱ "ይኸው" አለ። ካፒቴኗ ግን ሬዲዮኑን ዘጋችው። "ማነው እሱን የጠየቀው?" አለችና መሪውን ጨበጠች። ሊራ ዞረች።

ቤቱ ተደበላለቀ። ጎረቤቲቱ ዘመነች እልል አለች። ካፒቴኗ መካኒኩን ደግፋ ወደ መርከቧ ስታስገባው አቶ ገሜዳ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ይገዙ ግን ከወንበሩ ጋር ተሰፍቶ ቀረ።

"መምህር፣ መጽሐፉም እንዲህ ነው አይደል?" አሉት፣ ስለ መጽሐፉ ከጉዲቱ የሰሙት አቶ ገሜዳ።

"አይደለም አባባ። መጽሐፉ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ራሱ ነው ተዉኝ ያላቸው።"

"እንግዲያማ ፊልሙ ነው የተሳሳተው" አለ ባለሱቁ አብደላ። "ምንጊዜም ዋናው መጽሐፉ ነው።"

"የዚህ ተቃራኒ ነው" አለ ይገዙ። "የቀደመው ፊልሙ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ጸሐፊ ምን ነካው?" አሉ አቶ ገሜዳ። "ልንገራችሁ? ይህን የጻፈ ሰው አንድ ቦታ ጥሎት የመጣው ሰው አለው። ሰው ጥሎ የመጣ ነው 'እሱ ራሱ ተወኝ አለኝ' የሚለው። የታመመ ሰው ተወኝ ይላል እንጂ ምን ይበል? ውሰዱኝ ብሎ ይለምን?"

ሁሉም ሳቀ። ይገዙም አብሮ ሳቀ።

ክርክሩ ሲጦፍ ጉዲቱ ቤት ሄዳ መጽሐፉን አመጣችውና "አንብብላቸውና ይረፉ" ብላ ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ይገዙ የሚያደርገው ቢያጣ የዘለለውን መግቢያ ገለጠ። ጸሐፊው መጽሐፉን የጻፈው ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት ከተሰጠው የመጀመሪያ ረቂቅ እንደሆነ፣ ፊልም ሠሪዎቹ በቀረጻው ጊዜ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ይናገራል፤ መጨረሻውም ከፊልሙ ቢለያይ አንባቢ እንዲረዳው ይጠይቃል። ይገዙ ይህን ተረጎመላቸው።

"እንዲህ በል!" አሉ አቶ ገሜዳ። "መጀመሪያ ሊተዉት አስበው ነበር። ኋላ አፈሩ።"

በማግስቱ ይገዙ ትምህርት ቤት አልሄደም። በጠዋት ዘነበወርቅ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እሱም መንገዱን ሁሉ ያሰበው ይህንኑ ነው። ተክለሃይማኖት አግዳሚው ላይ ሆኖ ሲያየው ደነገጠ።

"ምነው በሥራ ቀን? ደህና አይደለህም?"

"ትናንት ፊልሙን አየኸው ጋሼ?"

"አየሁት እንጂ! አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር።" ተክለሃይማኖት ሳቀ። "እኔ ግን 'ዝም በሉ፣ ይሄ ልክ አይደለም' አልኳቸው። 'ወንድሜ መምህር ነው፣ ከመጽሐፉ ላይ አንብቦልኛል፣ መካኒኩ ራሱ ነው የቀረው' አልኳቸው። ይመር ሊደበድበኝ ምንም አልቀረው። ወንድሜማ አይዋሽም ብዬ ድርቅ አልኩ።"

ይገዙ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ቢመታው ይሻለው ነበር፤ ቢረግመው ይሻለው ነበር። ሰው ሁሉ በሚያጨበጭብበት አዳራሽ ውስጥ ይህ ሰው ብቻውን ቆሞ ለእሱ ተሟግቶለታል፤ ያውም በራሱ ላይ የተፈረደውን ፍርድ ይዞ።

"ልክ ያልሆነው መጽሐፉ ነው ጋሼ" አለ በመጨረሻ። "ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ።"

"ጉዲቱ ታውቃለች?"

ይገዙ ራሱን ወዘወዘ።

"ሴትዮዋ ሳታውቅ ቤቷ አልገባም" አለ ተክለሃይማኖት።

"ቤቱ እኮ ያንተ ነው!"

"ሙሽራ የገባችበት ቤት የሙሽራዋ ነው። ተው ይገዙ፣ ትዳርህን አታናጋ። አንተ ምን አጠፋህ? እዚህ እቀራለሁ ያልኩት ራሴ ነኝ።"

ይገዙ እየተደነቃቀፈ ከግቢው ወጣ፤ ቤቱ ሲደርስ ጉዲቱ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ሳይቀመጥ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ነገራት። በሽታውን፣ ሞጣን፣ እሁድ እሁድን፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ መጽሐፉን ለምን እንዳነበበ፣ አንዱንም አላስቀረም። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። ጩኸቷን ተመኝቶት ነበር።

ጉዲቱ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው።

"በሽታውን ፈርተህ ነው?" አለችው።

"እናንተን ፈርቼ ነው።"

"እኛን ጠይቀኸናል?"

"አልጠየቅኩም።"

"ትናንት አባቴ ያን ሁሉ ሲናገር አጠገቡ ነበርክ። ሲስቁ አብረህ ስቀሃል።"

"ስቄያለሁ።"

ሌላ አልጠየቀችውም። ገብታ ነጠላዋን ለበሰች፣ ጫማዋን አደረገች። ይገዙም ሊከተላት ተነሳ።

"አንተ ወዴት ነህ?"

"አብሬሽ ልሂድ እንጂ።"

"አንተን ካየ እምቢ ይላል" አለች። "ላንተ ብሎ እምቢ ይላል። አባቴን ይዤ እሄዳለሁ።"

የአባቷ ግቢ በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። ይገዙ በሩ ላይ እንደቆመ ድምፃቸውን ይሰማ ነበር።

"ማንን ነው የምናመጣው?" አሉ አቶ ገሜዳ።

"የይገዙን ወንድም።"

"ከሞጣ?"

"ሞጣ አይደለም አባ። እዚሁ ዘነበወርቅ ነው።"

የሽማግሌው ከዘራ ደረጃው ላይ ሲያርፍ ተሰማ፤ የግቢው በርም ተከፈተ።

"ይገዙስ አይሄድም?"

"እሱ ይቆይ" አለች ጉዲቱ።