አገረ ገዥው አፈር ያለበሱት ጉድጓድ

አባቴ ሲሞት የተናዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤቱን ለማን፣ እርሻውን ለማን አላለም። «ኡዞ፣ ያ ሰውዬ አፈር እንዳያለብሰኝ» አለኝ፣ በቃ። ያ ሰውዬ የሚለው አገረ ገዥያችንን ነው። ስሙን መጥራት ከተወ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

አባቴ ዕድሜ ልኩን ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ጣሪያ አውሎ ነፋስ ወሰደው። ሰውዬው ያኔ ገና መመረጡ ነው፤ መጣ፣ «በመቶ ቀን አስከድናለሁ» አለ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ። አባቴ ሰባት ደብዳቤ ጻፈለት። ለሰባተኛው መልስ መጣለት፤ የገዥው ፎቶ ያለበት የግድግዳ ካላንደር። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ልጆቹን ዝናብ ላይ ሲያስተምር ሳንባው ተመታና አረፈ። እና ኑዛዜው ቀልድ አልነበረም።

የቀበርነው ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። በእኛ በኢግቦዎች አገር በምርጫ ሰሞን መሞት ትልቅ ስህተት ነው። ፖለቲከኛ ሬሳ ያለበትን ግቢ ከዝንብ ቀድሞ ያሸታል። ድንኳን አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ሁለት ሺህ ሰው አለ፣ ድግሱ በሌላ ሰው ወጪ ነው። ከዚህ የተሻለ መቀስቀሻ ከየት ይገኛል?

ታላቅ ወንድሜ ኦኬዚ ለካ ከገዥው አማካሪ ጋር ተስማምቶ ጨርሷል። ለእኔ የነገረኝ በዋዜማው ነው።

«ክቡርነታቸው ራሳቸው ናቸው አፈር የሚያለብሱት» አለኝ።

«አባባ ያለውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አባባ ሞቷል፣ በጨለማ የምንኖረው እኛ ነን። ለመንደሩ ትራንስፎርመር ቃል ገብተዋል።»

«ጣሪያውም እኮ ቃል ነበር፣ ወንድም ጋሼ።»

«አንቺ ተድረሽ ወጥተሻል፤ በዚህ ግቢ ነገር አትግቢ» ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ለረፋዱ አራት ሰዓት የተባለው ቀብር ስምንት ሰዓት ሆነ። ሬሳ ሳጥኑ፣ እንደ ወጋችን ግቢያችን ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ ፀሐይ ይመታዋል። ቄሱ ጸሎቱን ሁለት ጊዜ ጨርሰው ተቀምጠዋል። አማካሪው፣ ኢፌዲ የሚባል ነጭ የለበሰ ጎረምሳ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳይነጥል «መንገድ ላይ ናቸው፣ መንገድ ላይ ናቸው» ይላል። ከዚያ ሽታው መጣ። አልዋሽም፣ የገዛ አባቴ ሸተተኝ።

እኛ ዘንድ ከዘሩ ተወልደን ሌላ ቤት የተዳርን ሴቶች ኡሙአዳ እንባላለን። በአዘቦት ቀን የሚሰማን የለም፤ ቀብር ላይ ግን ኡሙአዳ ከተናገረች ወንድ አፉን ይዘጋል። አማካሪው ይህን ያውቃል መሰለኝ፣ ለእያንዳንዳችን የገዥው ፊት የታተመበት ሽርጥ አድሎናል። የሁላችን አለቃ፣ የአባቴ እህት እማማ ኦሪያኩ፣ የእሷን አጥፋ ተቀምጣበታለች። ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ አባቴ እየሸተተ ነው።»

«አፍንጫ አለኝ፣ ልጄ። አንቺ የበኩር ሴት ልጁ እስክትጠይቂ ነው የጠበቅሁት» አለችና ተነሣች። ሌሎቹም ሴቶች አብረዋት ተነሡ። «ወንድሜን አሁን ቅበሩት» አለች።

«እማማ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ክቡርነታቸው...» አለ ኢፌዲ።

«አንተ፣ አባት አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው የራስህ አባት ሲሞት አስጣው።»

ወንዶቹ ሳጥኑን አወረዱ፤ የመጀመሪያውን አፈር እኔ በእጄ አለበስሁት። ኦኬዚ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። አፈሩ ሞልቶ ሲደለደል ደረቴ ቀለለኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳይረኑ ተሰማ። አሥራ አራት መኪና። ኢፌዲ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ክፈቱት» አለ።

«ምኑን?»

«መቃብሩን ነዋ! ክቡርነታቸው በባዶ ሜዳ ፎቶ ሊነሱ ነው? ሳጥኑ እስኪታይ ክፈቱት።»

ኦኬዚ «እሺ» አለ። እሺ! እንደዚያ ብሎ ዶማውን አነሣ። በሕይወቴ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ የእናቴ ልጅ የአባቱን መቃብር ለመክፈት ዶማ ሲያነሣ እንዳየሁት ግን አላየሁም። ልታገለው አልችልም። ለመጮህም ጊዜ የለም።

ከወጥ ቤቱ ጎን ለእንግዳ መጸዳጃ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ዐለት ስለወጣ ግማሽ ላይ ቀርቷል፤ ቢቀርም ከትናንት ጀምሮ እንግዳው ሲጠቀምበት ነበር። የኢፌዲን ክንድ ያዝሁና ወሰድሁት።

«ይኸው፣ ያልሞላ መቃብር» አልኩት። «ትንሽ አፈር እንመልስበት። ሳጥኑ ከሥር ነው በላቸው፣ ማን ይቆፍራል?»

እምቢ ይላል፣ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አፍንጫውን ይዞ ወደ ውስጥ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ «አበባ አምጡ» አለ።

አፈር መለስንበት፣ አበባ ደረደርንበት። የአባቴ መቃብር ላይ ምንጣፍ ዘረጋንና ለቀብሩ የመጣውን የጥሩምባ ባንድ ከነወንበሩ ከላዩ አስቀመጥነው።

ሰውዬው መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ መሐረቡን አወጣ፤ ሽታውን የሬሳ ነው ብሎ ይመስለኛል፣ የኀዘን አስመስሎ አፍንጫውን ሸፈነ። አካፋ ተሰጠው። ሦስት ጊዜ አፈር ጨመረ፣ ካሜራው አልያዘም ሲሉት አራተኛ ጨመረ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ይህ ሰው ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው» አለ። ውሸት፤ ያደገው ሌላ አገር ነው። «ይህ የቆምሁበት የተቀደሰ መሬት ነው» አለና አለቀሰ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ አንድ ሰው አልሳቀም። እማማ ኦሪያኩ ብቻ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ተይው፣ ዘመዱን ነው የሚያለቅሰው» አለችኝ።

እኔም በሆዴ ሳቅሁ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር። ግን ልቅሶውን ሲጨርስ ትከሻዬን አቀፈና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጋ።

«ልጃቸው ትናገር። አባትሽ ስለ እኔ ምን ይሉ ነበር?»

ኢፌዲ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ባንዱ የተቀመጠበትን ምንጣፍ፣ ቀጥሎ ኦኬዚ እጅ ላይ ያለውን ዶማ።

«ይወድዎት ነበር» አልኩ።

ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አስታወክሁ።

ከሳምንት በኋላ ከተማው መግቢያ ላይ እኔና እሱ ተቃቅፈን በትልቅ የምርጫ ሰሌዳ ላይ ተሰቀልን፤ ከሥራችን «ቲቸር ያመኑበት፣ ለሁለተኛ ጊዜ» ተጽፏል። ተመረጠ። ጣሪያ አልመጣም፣ ትራንስፎርመርም አልመጣም። አንድ ያልለመንነውን ነገር ግን አመጣ፤ በሁለት የጭነት መኪና እብነ በረድ። ሠራተኞቹ በሦስት ቀን ጉድጓዱ ላይ ሐውልት አቆሙ። የአባቴ ስም ተቀረጸ፣ የእሱ ስም ከሥሩ ገዘፍ ብሎ ተቀረጸ። ኦኬዚ እውነተኛው መቃብር ላይ ከገዥው ሰዎች ማንም እንዳይጠረጥር ብሎ ጎደሬ ተከለበት።

እናቴ በቀብሩ ቀን ባሏ እንደሞተባት ሴት ወግ ጓዳ ተዘግቶባት ነበር። የሰማችው ድምፅ ማጉያውን ብቻ ነው። እኔ «ይወድዎት ነበር» ስልም ሰምታለች፤ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት በየማለዳው እብነ በረዱን ትጠርጋለች፣ በውኃ ታጥባለች፣ ከጎኑ ቁጭ ብላ የሰፈሩን ወሬ ታወራለታለች። ለመንገር ስንት ጊዜ ተነሥቼ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ምን ብዬ ልንገራት? ሁለት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር ስታወራ እንደኖረች በየትኛው አፌ ልንገራት?

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሄድሁ። ታማለች፣ ከስታለች። እጄን ይዛ እየተንገዳገደች ወደ ሐውልቱ ወሰደችኝ፤ በተረፈው ቦታ ላይ በበትሯ መስመር አሰመረች።

«ኡዞ፣ ኦኬዚን አላምነውም፣ አደራዬ ላንቺ ነው» አለችኝ። «እኔን እዚህ፣ ከጎኑ።»

«እሺ፣ እማዬ» አልኳት።