የዶኛ ኩካ ድስትና ቀዩ ክር

የዶኛ ኩካን ድስት የነካ ዓይናቸውን የነካ ያህል ነው። በሜክሲኮዋ ሚቾአካን እንደ እሳቸው ቦሎቄ የሚያጣፍጥ የለም፤ ምስጢሩም ከእናታቸው የወረሱት አንጸባራቂ የሸክላ ድስት ነው። በልጅ ልጃቸው በኔቶ ደም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከተገኘ ወዲህ ግን ኬሚስቷ ምራታቸው ማሪቤል ጣቷን የምትቀስረው በዚሁ ድስት ላይ ሆነ።

«መርዙ የሚያንጸባርቀው ቅቡ ውስጥ ነው» አለች፣ አዲስ ድስት ገዝታ መጥታ።

«ታዲያ እኔን ለምን አልገደለኝም? ሰባ ዓመት በላሁበት!»

«እንግዲያው እንፈትነው።»

ሁለቱም ድስት ውስጥ እርሳሱን ከቅቡ የሚያወጣ ኮምጣጤ አሳደሩ። ጠዋት ማሪቤል በሁለት ኩባያ ቀዳችና የአሮጌውን ድስት ኩባያ በቀይ ክር አሰረችው። ዕቃዋን ልታመጣ ስትወጣ ዶኛ ኩካ ክሩን ፈትተው ሌላኛው ኩባያ ላይ አሰሩት። «ክር ያለበትን ስትወነጅል እጅ ከፍንጅ እይዛታለሁ» ብለው በሆዳቸው ሳቁ። ከዚያ ድስታቸውን አጥበው በእልህ ቦሎቄ ጣዱበት።

ማሪቤል ከስልኳ ጋር የተያያዘች ጥቁር የካርቦን ዘንግ ይዛ ተመለሰች።

«ይቺ ናት ማሽንሽ? የባትሪ ድንጋይ ሆድ ዕቃ!»

«ልክ ነዎት፣ ከዚያው ነው ያወጣኋት። ኤሌክትሪክ ሲነካት እርሳሱን ትለቅማለች፤ ስታራግፈው ስልኩ ላይ ጉብታ ይወጣል።»

ዘንጓን በየኩባያው ስትነክራት፣ ክር ያለበት ኩባያ ስልኩ ላይ ሜዳ አሳየ። ክር የሌለው ተራራ አወጣ።

ማሪቤል ፊቷ ቀላ። «ሻጩ ጉድ ሠራኝ! መርዙ ያለው እኔ የገዛሁት ላይ ነው። የእርስዎ ንጹሕ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዶኛ ኩካ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን እምቢ አለ። ተራራው ከየትኛው ድስት እንደወጣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማሽኑ ለክሩ ደንታ አልነበረውም። ያን ቦሎቄ ኔቶን በየቀኑ ያጎረሱት በገዛ እጃቸው ነበር።

«አያቴ፣ እራበኝ» አለ ኔቶ፣ የበቆሎ ቂጣውን ቶርቲያ ጠቅልሎ።

ዶኛ ኩካ ድስቱን ከነቦሎቄው በጨርቅ ይዘው ጓሮ ወጡና ድንጋዩ ላይ ለቀቁት፤ ተንኮታኮተ።

«አዳለጠኝ» አሉ።

«ወይኔ! አሁን በምን እንቀቅላለን? አዲሱ እንደሆነ መርዝ ነው!» አለች ማሪቤል።

 ዶኛ ኩካ ወደ ጠረጴዛው ሄደው ክሩን ፈቱና ማሪቤል መጀመሪያ ባሰረችበት ኩባያ ላይ መልሰው አሰሩት። ማሪቤል ክሩን አየች፣ አማቷን አየች፣ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«ሳቂ፣ ሳቂ! ለባልሽ ብትነግሪ ግን ወዮልሽ። አሁን ያንን ድስትሽን አምጪው፤ ልጁ ርቦታል።»