መስፈርቱ የታጠበ ቀን

አማቼ ሦስት ወር ሙሉ ሶፋዬ ላይ ተጋድሞ ከረመ። ልጄን ያገባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያገባው ሶፋዬን ኖሯል። የቅጥር ፈተናው ቀን ታዲያ ከእሱ ይልቅ የጨነቀኝ እኔ ነኝ። እስከ ቀትር ድረስ ንጹሕ የመዳብ አዮዳይድ የሚሉትን ነጭ ዱቄት ሠርቶ ካሳየ ቤተ ሙከራው ይቀጥረዋል፤ የሠራተኛ ቤትም ይሰጠዋል። ካቃተው ሶፋዬን እርም ልበል።

እኔ የቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ግን የትኛው እድፍ በምን እንደሚለቅ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ይምጣ።

አማቼ ሰማያዊውን የመዳብ ውሃ ከአዮዳይዱ ጋር ቀላቀለው። ወዲያው እንደ ጎርፍ ደፈረሰ።

«ተበላሸ፣ እማማ!»

«ዝም በል! ቆሸሸ እንጂ አልተበላሸም። ቡናማው አዮዲን ነው፤ ነጩ ከሥሩ አለልህ። እድፍ ማስለቀቂያውን፣ ሃይፖውን ጠብ አድርግበት። ጠብ አልኩህ እንጂ ዘርግፈው አልኩህ? ከበዛ ነጩንም ይዞት ይሄዳል!»

ቡናማው ለቀቀ። አጣራው፣ አለቀለቀው፣ አደረቀው። እውነት ለመናገር እንከን የለሽ ነጭ ዱቄት ወጣለት።

የቤተ ሙከራው አለቃ መስፈርቱን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። መስፈርት የሚሉት ያው አንድ ሸክላ ሳህን ነው። በቤተ ሙከራው ደንብ ነጭ ማለት ሳህኑን የመሰለ ነው። ሳህኑ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በደንብ ያልታጠበ ዱቄት ሲቆለልበት አዮዲን ጠጥቶ ጠጥቶ ሻይ መስሏል። እንዳልነካው በጽሑፍ ተከልክያለሁ።

አለቃው ዱቄቱን ሳህኑ ላይ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ነጭ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ከነጭ ያለፈ ነው። መደርደሪያው ላይ በእጄ የሠራሁት ዱቄት ያለባቸው አርባ ብልቃጦች አሉ፤ ሁሉም ቁርጥ ሳህኑን ናቸው።»

«ትንሽ ላቆሽሸው?» አለ አማቼ። ወንድ ልጅ እንዲህ ይወርዳል።

አለቃው «አልተሳካም» የሚለውን ማኅተም ሊያመጣ ወጣ። ሶፋዬ ታየኝ፤ ካልሲው ከነሽታው ታየኝ። ዱቄቱን ወደ ወረቀት ገልብጬ የተረፈውን ሃይፖ ሳህኑ ላይ ደፋሁት። የሠላሳ ዓመት እድፍ ለቅጽበተ ዓይን አልቆየም። አጠብኩት፣ በሽርጤ አደረቅኩት፣ ዱቄቱን መለስኩ።

አለቃው ተመልሶ ቢያይ ሳህኑ የት እንደሚያልቅ ዱቄቱ የት እንደሚጀምር ጠፋው።

«እማማ፣ ምን አደረጉት?»

«ሥራዬን።»

«መልሰው ያቆሽሹት!»

«እኔ አጣቢ ነኝ። ማቆሸሹ የእርስዎ ሙያ ነው። ይልቅ ደንቡ ምን ይላል?»

ደንብ አክባሪነቱን አልነፍገውም። የአማቼን ወረቀት «ተሳክቷል» ብሎ መታ። ቀጥሎ ወደ መደርደሪያው ዞረና አርባውን ብልቃጥ አንድ በአንድ ከሳህኑ ጋር አስተያይቶ አርባ ጊዜ «አልተሳካም» መታ። ሥራው ያልተሳካለት ሰው ደግሞ የሠራተኛ ቤት አይገባውም። እሱ ራሱ የሚኖርበትን ቤት ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለአማቼ ሰጠው።

ልጄና ባሏ በዚያው ዕለት ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ሶፋዬን አራግፌ፣ እግሬን ዘርግቼ ገና ጋደም ከማለቴ በሩ ተንኳኳ። አለቃው ነው፤ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ሳህኑ።

«ሶፋ ተለቋል ሲባል ሰምቼ ነው» አለ።

«ካልሲዎን ደጅ ያውልቁ» አልኩት።