በፀረ-ቁስል የምትበር መርከብ

«‹ኮማንደሯ ቁልፉን ስትጫን፣ በፀረ-ቁስል የተሞላው ታንከር አጉረመረመና መርከቧ ከማርስ ተፈተለከች›» ብላ አነበበች አቢግያ።

ከፊታቸው ያለው የማታቱ ሚኒባስ መሀል መንገድ ላይ ተሳፋሪ ሊጭን ሲቆም ሕዝቅያስ ፍሬን ረገጠ። ለሳቁ ግን ፍሬን አልነበረውም።

«ምን ያስቅሃል፣ ዳዲ?»

«ፀረ-ቁስል እኮ የቁስል መድኃኒት ነው፣ የኔ ልጅ። መርከቧን በቅባት ልታበሪያት ነው? ‹ፀረ-ቁስ› ነው የሚባለው፤ ‹ል› የለውም።»

«አይ ሚን፣ አንቲማተር!»

የአሥር ዓመቷ አቢግያ ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ነው ያደገችው። ዛሬ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ በእናቷ በዘመናይ ምግብ ቤት ውስጥ፣ የቅዳሜው የአማርኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ለወላጆቻቸው ያነባሉ። አባትና እናቷ ከተለያዩ ወዲህ ሕዝቅያስ ልጁን ሳውዝ ሲ ካለው ቤቱ ያመጣና በር ላይ አውርዷት ይሄዳል። ሞተሩን እንኳ አያጠፋም። እሱ በሚሠራበት አየር መንገድ እንዲህ አድርጎ ተሳፋሪ ማውረድ ከሥራ ያስባርራል።

«ለመሆኑ ይሄ አንቲማተርሽ ምን ያደርጋል?»

«ቁስን ከነካ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቡም! ስለዚህ ታንከሩን እንዳይነካው ማግኔት መሀል ላይ ይይዘዋል።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ላይክ… አንተና ማሚ። ማግኔቱ እኔ ነኝ።»

ማታቱው ሄደ። ከኋላ ክላክስ ተደረገ፣ ተደገመ። ሕዝቅያስ አልተንቀሳቀሰም።

«ማግኔቱ… አይደክመውም?»

«ይደክመዋል እንጂ። እሱ ግን ምዕራፍ ሁለት ነው፤ ገና አልጻፍኩትም።»

ምግብ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ዘመናይ በረንዳው ላይ ወንበር ስትደረድር ነበር። መኪናውን ስታይ፣ እንደ ወትሮው ወደ ውስጥ ልትገባ ዞር አለችና አንዱን ወንበር እንደያዘች ቆመች።

አቢግያ ላጲሷን አወጣች። «‹ል›ን ላጥፋት?»

«አታጥፊያት።»

«ስህተት ነው አላልክም?»

«ነው። ግን እስቲ መርከቧ ትሞክረው።»

ዘበኛው ሙቱአ እንደ ልማዱ የመመለሻውን መንገድ በእጁ እያሳየ፣ «ባባ አቢ፣ ክዋሄሪ!» ብሎ በስዋሂሊ ተሰናበተው። ለሙቱአ ሕዝቅያስ የአቢ አባት ነው፣ ዘመናይ ማማ አቢ ናት፤ የሰውየው ስዋሂሊ መለያየታቸውን ገና አልሰማም።

ሕዝቅያስ መኪናውን ወደ አጥሩ አስጠጋና ቁልፉን አዞረ።

በዚያ ከሰዓት የጠፋው ሞተሩ ብቻ ነበር።