የካሳው ፎቅ

ወረታ ውስጥ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ አንድ ያላለቀ ፎቅ ቆሟል። በሰነድ ስሙ «የአዲስ ማሳ አክሲዮን ማኅበር ሕንፃ» ነው፤ የከተማው ሰው ግን «የካሳው ፎቅ» ይለዋል። አድማሴ የዚያ ፎቅ ዘበኛ ነበር። ባለቤትም ነበር። የራሱን ቤት በደመወዝ የሚጠብቅ ሰው ብለው የባጃጅ ሾፌሮች ሲስቁበት ይሰማል፤ እሱ ግን የሚያስቀው ነገር አይታየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ሲሰፋ ዳር ዳር ያሉት ገበሬዎች መሬታቸውን ለቀቁ። አድማሴና ታናሽ እህቱ ጸሐይነሽ ከአባታቸው የወረሱት ማሳም ከሚለቀቀው ውስጥ ገባ። ሩዙ ገና ሳይታጨድ ጓያ የሚበተንበት፣ በክረምት ጉልበት የሚውጥ ጥቁር ዋልካ አፈር ነበር። ካሳው በተከፈለ ሰሞን ገበያው የሚባል ሰው መጣ። ገበያው እህል ነጋዴ ነው፤ የእሱም የአባቱ መሬት አብሮ ተወስዷል፤ አንደበቱ የተባ ሰው ነው።

«ብር በእጅ ሲገባ ውሃ ነው፣ በጣት መሀል ይፈስሳል» አላቸው በጥላ ሥር ሰብስቦ። «ዘንድሮ የሠርግ፣ ከርሞ የተዝካር እያላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ፎቅ ግን በየወሩ የምትወልድ ላም ናት። ካሳችንን እናዋጣ፣ እዚሁ መሬታችን ላይ ቦታ እናስፈቅድ፣ ሱቅ እናከራይ። ማሳችንን መልሰን ገዛነው ማለት ነው።»

ማሳችንን መልሰን የሚለው ቃል አድማሴን ያዘው። የቁሐር ሚካኤሉ ድጓ አዋቂ መሪጌታ ዓለምብርሃንም የቤተሰባቸውን ካሳ ይዘው ገቡ፤ እሳቸው ከገቡበትማ ብሎ ብዙ ሰው ተከተለ። ጸሐይነሽ አልወደደችውም ነበር። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ስለቀረች የወንድሟን ቃል መተላለፍ ከበዳትና እሷም ገባች።

ደግሞም መጀመሪያ ላይ ያማረ ነበር። ምድር ቤቱ ተሠርቶ ሱቆቹ ተከራዩ። አድማሴ ዘበኝነቱን ራሱ ለምኖ ነው የያዘው። መድኃኒት ቤቱ የተከፈተው በሬዎቹን ያስርበት በነበረው ቦታ ላይ ነው፤ ደረጃው ያረፈው ደግሞ የአባቱ ጎጆ ማማ በነበረበት። ማታ ማታ ሱቆቹ ሲዘጉ በረንዳውን እየተዘዋወረ ሲያይ፣ እግሩ ሲሚንቶ ቢረግጥም ልቡ የት የት እንደቆመ ያውቀዋል። አንድ ዓመት ትርፍ ተከፋፈሉ። በዚያን ቀን በግ ታረደ፣ መሪጌታ መረቁ፣ ገበያውን ተሸክመውት ነበር።

ከዚያ ፎቁን ወደ ላይ ለማስቀጠል ከባንክ ተበደሩ። ብረቱ ተወደደ፣ ሲሚንቶው ጠፋ። ቀጥሎም አገሩ ታመመ፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ የጭነት መኪና ወረታ ላይ ቆሞ ማደር ሲተው ተከራዮቹ አንድ በአንድ ቁልፍ እየመለሱ ሄዱ። ዋልካውም የራሱን ሠራ። በበጋ እየተሰነጠቀ፣ በክረምት እያበጠ ሕንፃውን አነቃነቀው። መሐንዲሱ ጥልቅ መሠረት ያስፈልጋል ብሎ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ለጥልቁ አልበቃም። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። በመጨረሻ የቀሩት መድኃኒት ቤቱና አንድ የሩዝ ነጋዴ መጋዘን ብቻ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ነው ማኅበሩ ፈርሶ ፎቁ ይሸጥ፣ ሰውም ድርሻውን ይውሰድ የሚለው ወሬ የተነሣው።

ለዚሁ የተጠራው ጉባኤ እሑድ ሊሆን ቅዳሜ ከሰዓት ጸሐይነሽ ወንድሟ ዘንድ መጣች። መናኸሪያው ጀርባ ተከራይታ ለሾፌሮች ምግብ የምትሠራ ሴት ናት፤ ሾፌሩ ሲጠፋ ሥራውም ጠፍቷል። አድማሴ በረንዳው ላይ ከነበረው ዱካ ተነሥቶ አስቀመጣት፣ እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ወንድምዓለም፣ ነገ እጅህን ታነሣለህ?»

«ለየትኛው?»

«ለመፍረሱ ነዋ። ሌላ ምን አለ?»

ሻሿን እያጠበቀች ቀጠለች።

«ቁሐር ላይ አንድ መሬት አግኝቻለሁ። ሰውየው ታሞ ተኝቷል፣ ልጆቹ ባሕር ዳር ናቸው። በኮንትራት እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ድርሻዬ ከተመለሰልኝ ለእሱ እከፍልና ሩዝ እዘራለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ለማይመጣ ሾፌር ሽንኩርት ስከትፍ መዋሌስ?»

«ይኸ ቤት ከተሸጠ እኮ መሬቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው፣ እታለም።»

ጸሐይነሽ ፎቁን ከታች እስከ ላይ አየችው። ላይኛው ክፍል መስኮት የለውም፤ እርግቦች ይገቡ ይወጡበታል።

«መሬቱማ ሄዷል። አንተ ነህ ያልሄድኸው» አለችው።

ክፉ ልትናገረው ፈልጋ አልነበረም። ሲመሽ ግን ቃሉ አብሮት ሲዞር አመሸ። እህቱ በሕይወቷ አንድም ነገር ለምናው አታውቅም። ካሳዋን አውጥታ ይኸ ፎቅ ውስጥ የከተተችው ስለ ፎቁ ብላ ሳይሆን ስለ እሱ ብላ እንደሆነም ያውቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለ አክሲዮኖቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። ጣውላ በብሎኬት ላይ ተጋድሞ መቀመጫ ሆኗል። ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌዎች፣ የሟቾች ወራሾች፣ ከይፋግ ድረስ የመጡም ነበሩ። ሰብሳቢው ገበያው ነበር፤ ከስቷል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«ወገኖቼ፣ ታገሡ» ብሎ ጀመረ። «ዛሬ ብንሸጥ በውድቀት ዋጋ ነው። አገር ሰላም ሲሆን መንገዱ ይከፈታል፣ ኪራዩም ይመለሳል።»

«እስከዚያው ልጆቼ ምን ይብሉ? ስንጥቁን?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

ሌላው ተነሥቶ እንደ ምንም ብለን ግድግዳውን እናስጠግነው አለ። ከምን አምጥተን ብለው ጮኹበት፤ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት የባሌን ድርሻ ለቤተ ክርስቲያን ስጡልኝና እኔን ተዉኝ አሉ። ጫጫታው ሲበረታ ጸሐይነሽ ተነሣች። በሰው ፊት ስትናገር አድማሴ የዚያን ቀን ገና ማየቱ ነበር።

«ጋሽ ገበያው በየወሩ የምትወልድ ላም ናት ብለኸን ነበር። እኔ ላሚቱን አንድ ቀን ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብኛል። ጥፋተኛ ነህ አልልህም፤ አንተም እንደኛ ከስተሃል። ብቻ ድርሻዬን ስጡኝና በጉልበቴ ሠርቼ ልደር።»

ገበያው ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «እሺ ጸሐይ፣ ልስጥሽ ብልስ ከምን ላይ ልስጥሽ? ማኅበሩን ብናፈርሰው የምታገኙ ነው የሚመስላችሁ? ፎቁ በባንክ መያዣ ነው። ተሸጦ ከእኛ በፊት የሚወስድ አለ።»

«ማስፈራሪያ ነው!» አሉ ከፊት። «ወንበሩን ላለመልቀቅ ነው!»

አድማሴ ሰማው። ሌላው ሰው እንደ ማስፈራሪያ ሰማው፤ እሱ ግን የገበያውን ድምፅ ያውቀዋል፣ ሲዋሽ እንዲህ አይደለም። ሊናገር ፈለገ። ምን ብሎ? እህቱ አሁን በጉልበቴ ሠርቼ ልደር ካለች በኋላ ተነሥቶ ገበያው እውነቱን ነው ቢል፣ እሷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዋን ትቆማለች።

መሪጌታ ዓለምብርሃን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ለታመመ መድኃኒት ነው፤ ለሞተ ግን ፍትሐት ነው የሚገባው። ይኸ ማኅበር ከሞተ ቆይቷል። እኛ አስከሬኑን ከበን ትንሽ ይተንፍስ እንላለን። ገበያው የሚለውም ልክ ሊሆን ይችላል፣ ከቀብር የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም በወግ እንቅበረው።»

ድምፅ ተሰጠ። ሕጉ ከአራት ሦስት እጁ ይሁን ይላል። ጸሐፊው የእያንዳንዱን ድርሻ እየደመረ ቆየና ጥቂት ጎደለ አለ። ሰው ተንጫጫ። ገበያው ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ጸሐይነሽ ዘወር ብላ ወንድሟን አየችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ልጅ ሆነው የጉማራ ወንዝ ሲሞላ ከወዲያ ማዶ ቆማ አሻግረኝ ስትለው እንደምታየው ነበር ያየችው።

አድማሴ እጁን አነሣ፤ የጎደለው ሞላ።

ጸሐይነሽ በማግስቱ ማለዳ ቁሐር ወርዳ ከበሽተኛው ጋር ተስማማች። ቀብድ የላትም፤ ሰውየው ቃልሽ ይበቃኛል፣ እስከ ግንቦት እጠብቅሻለሁ አላት። በዚያ ሰሞን መልኳ ተመለሰ። ለወንድሟ ምሳ ይዛ እየመጣች የዘሩን ነገር ታወራዋለች፤ የትኛው ዘር ውሃ እንደሚችል፣ የማንን በሬ እንደምትከራይ፣ እሱም ዘበኝነቱን ትቶ ማሳውን እንዲጠብቅላት። አድማሴም እየሰማ የገበያውን ቃል ይረሳዋል። ሰው የሚወደውን ሲሰማ ጆሮው ይደነቁራል።

በመጋቢት ፎቁን ሸጦ የማኅበሩን ዕዳ የሚከፍል፣ ሒሳብ አጣሪ የሚባል ሰው ከባሕር ዳር ተሾሞ መጣ። ዘመነ ይባላል፣ ትሑት ጎልማሳ ነው። ማኅበሩ መፍረሱ እንደተሰማ መድኃኒት ቤቱም መጋዘኑም ወጡ፤ ሊሸጥ በተነሣ ቤት ማን ይቀመጣል? ጨረታ ወጣ፤ የመጣ ሰው የለም። እንደገና ወጣ። ሰዎች መጥተው ስንጥቁን በእጃቸው ለክተው ተመለሱ። በሦስተኛው አንድ የማያውቁት ባለ ሀብት በወደቀ ዋጋ ወሰደው።

ዘመነ ባለ አክሲዮኖቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። ግንቦት ተጋምሷል፣ ከሰሜን በኩል ደመና ቋጥሯል። ባንኩ የራሱን እንደወሰደ፣ ባንኩ ካስቀረው ላይ ግብር እንደተከፈለ፣ የቀረችውም ለሠራተኞች ደመወዝ ብቻ እንደምትበቃ ቀስ አድርጎ አስረዳቸው።

«ባለ አክሲዮን መጨረሻ ነው የሚደርሰው» አለ። «እናንተ ጋ የሚደርስ የለም። አዝናለሁ።»

ገበያው ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በእንጨት ይጭራል፤ ብያችሁ ነበር የሚል ቃል አልወጣውም። ጸሐይነሽ ወደ ዘመነ ጠጋ አለች።

«የኔ ጌታ፣ የለም ስትል ትንሽ ማለትህ ነው ወይስ ምንም?»

«ምንም ነው፣ እናቴ።»

«እሺ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

አድማሴ መናኸሪያው ጋ ደረሰባት። ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆዩ።

«እታለም፣ ገበያው ሲናገር እውነቱን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።»

«ለእኔም ገብቶኝ ነበር» አለችው ሳታየው።

አድማሴ ቆመ። እሷ ግን አልቆመችለትም።

አዲሱ ባለቤት የራሱን ጎረምሳ ዘበኞች አመጣ። አድማሴ የመጨረሻ ደመወዙን ተቀብሎ ፋኖሱንና ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። ደመወዙን ለእህቱ ይዞላት ሄደ፤ ለኮንትራቱ እንደማይበቃ ሁለቱም ያውቃሉ፣ የቤት ኪራይ ውዝፏን ከፈለችበት። የቁሐሩ በሽተኛ ግንቦትን ጨርሶ ጠበቃት። ሰኔ ሲገባ መሬቱን ለሌላ ሰጠ፤ ይቅርታ በይኝ ብሎም ሰው ላከባት።

በነሐሴ ፎገራ ሜዳው ሁሉ ውሃ ለብሶ ሩዙ ብቅ ሲል አረም የሚያርም ሰው ይፈለጋል። የቀን ሠራተኛ ገና ጎሕ ሲቀድ መገንጠያው ላይ ይቆማል፤ ባለ መሬቶቹ መጥተው እየመረጡ ይወስዳሉ። ጸሐይነሽና አድማሴም ወጥተው ቆሙ። ቀሚሷን ወደ ላይ አሸርጣለች፣ እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። አንድ ባለ መሬት በጋሪ መጥቶ በዓይኑ መረጠ።

«አንቺ ነይ። አንተ ነዓ። አንቺም» አለና ጸሐይነሽን ጠራ። አድማሴ ተከትሏት አንድ እግሩን ሲያነሣ ሰውየው እጁን ዘረጋ። «አባቴ፣ እርስዎ ይቅሩብኝ። ውሃው ጥልቅ ነው።»

«ወንድሜ ነው» አለች ጸሐይነሽ። «የዋልካ ልጅ ነው፣ ከማንም አያንስም።»

«ይሁና። ወገባቸውን አይቼው ነው።»

እሷ ከጋሪው ልትወርድ አንድ እግሯን አነሣች። አድማሴ ራሱን ነቀነቀ።

«ሂጂ» አላት። «ሌላ ሰው ይመጣል።»

ጋሪው ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ጸሐይነሽ ከዓይኑ እስክትሰወር ድረስ ዞራ ታየው ነበር። አድማሴ ካልተመረጡት ጋር ቆመ። ፀሐይ ወጣች፣ የጎንደሩ አውቶቡስ አለፈ፣ አብረውት የነበሩት አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። እሱ ሱሪውን ሳያወርድ እዚያው ቆየ። ቀን ሆኖ ዝናቡ ሲጀምር ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለለ፤ ሲያባራ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱም ወጣ።