ይዞ መልቀቅ

በሰሜን ሚቺጋን ወንዙ በረዶ ከለበሰ አርቮ ዓሣ የሚያጠምደው ከመጽሐፍ ውስጥ ነው። መቶ ሃያ ገጽ የማትሞላ የዓሣ አጥማጆች ወግ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው በጥቅምት ነበር፤ ይኸው የካቲት ገባ፣ እሱም አምስተኛ ንባቡን ጀመረ። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ሌምፒ ሦስት ጊዜ ብትደውልለት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ በረዶውን እየረገጠች ደጁ ድረስ መጣች።

«አርቮ፣ መጽሐፌን!»

«ምን አጣደፈሽ? ወንዙ እንኳ ገና አልቀለጠም።»

«ለመሆኑ ዓሣ ስትይዝ ምን ታደርገዋለህ?»

አርቮ ደረቱን ነፋ። «እኔ እንደ ሆዳሞቹ ጠብሼ አልበላም! ፎቶ እነሳለሁ፣ እስመዋለሁ፣ ወደ ወንዙ እመልሰዋለሁ። ነገ ሌላ ሰው ይይዘው የለ?»

«ታዲያ የኔ መጽሐፍ ከዓሣ ያንሳል?»

አርቮ ገብቶ መጽሐፏን ይዞ ወጣ። ስልኩን አቀበላትና «በይ አንሺኝ» አላት። አጥማጆች ዓሣቸው ፎቶ ላይ ገዝፎ እንዲታይ እንደሚያደርጉት፣ መጽሐፏን በሁለት እጁ ወደ ካሜራው ዘረጋት። ከዚያ ሽፋኗን ስሞ አስረከበ።

በሚያዝያ ወንዙ ሲቀልጥ ፎቶውን ለጓደኞቹ አሳየ። መጽሐፏ በር አክላለች።

«ስንት ገጽ ናት?» አሉት።

«ሁለት ሺህ» አላቸው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።