ስፌቱ ወደ ውጭ

«እሷ እኮ ቁጭ ብላ አታውቅም!» አለች ሬዲዮ፣ ሻይዋን ፉት ብላ። ወሬ ስለማያልቅባት ነው ሰፈሩ ሬዲዮ የሚላት። «ቆማ ስትሰፋ ኖራ ሞተች። እንዲህ ያለ ትጉህ ከየት ይገኛል?»

ለቅሶ ደራሾቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች እህት በሩን ተደግፋ ቆማለች። የሟች ልጅ ግን አንጀቷ አረረ። ትጉህ! እናቷ የማትቀመጠው መቀመጥ ስለሚያቃጥላት ነበር። የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ በጡብ ከፍ አስደርጋ ሃያ ዓመት ቆማ የሰፋችው ለዚህ ነው። አሁን ይሄን በሦስተኛው የለቅሶ ቀን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ምን ብላ ትናገረዋለች?

ከስድስት ዓመት በፊት ሐኪም ቤት የወሰደቻት እሷ ነች። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ያሳክካል? ይደርቃል? የወር አበባዎ ከቆመ ቆይቷላ፤ ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ነው፣ እናቴ» ብሎ ቅባት ጻፈ። እናት አንገቷን ደፍታ፣ «አዎ ዶክተር» አለች። ቅባቱ አለቀ፣ ተተካ፤ ደግሞ አለቀ፣ ደግሞ ተተካ። ማንም «እስቲ ልየው» አላለም፤ እሷም «እዩልኝ» አላለችም። አምና አንዲት ሐኪም አስተኝታ ስታያት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ እኮ የብልት ቆዳ በሽታ ነው። ተመልከቺ፣ ነጥቶ ሳስቷል። የሆርሞን ቅባት ይሄን አያድነውም። የራሱ መድኃኒት ነበረው» አለቻት ለልጅየዋ።

ነበረው! ቁስሉ ያኔ ወደ ካንሰር ተቀይሮ ነበር። ለዘመድ የተነገረው ግን «የማህፀን ነው» ተብሎ ነው፤ እንዲያ ማለት ይቀላላ።

«ነይ እስቲ ልብሷን እናጣጥፍ» ብላ አክስቷ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ከሣጥኑ ሥር አንድ የውስጥ ሱሪ መዛ አወጣች። «ውይ እህቴን! ያን የመሰለ እጅ ይዛ ገልብጣ ሰፍታዋለች? መጨረሻ ላይ ጭንቅላቷ ደክሞ ነበር ማለት ነው።»

ልጅቷም ልብስ ሰፊ ነችና ተቀብላ ዳሰሰችው። ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ነው፤ ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ ወጥቷል። «አልገለበጠችም፣ አክስቴ። ገላዋን እንዳይነካት ነው።»

ከሥሩ በክር የታሰረ ሌላ ጥቅል ነበር። ስድስት አዳዲስ፣ ስፌታቸው ወደ ውጭ። አክስቷ አንዱን ዘርግታ፣ «ይሄማ ወገቡ የአንቺ ነው» አለች።

ልጅቷ ክው አለች። እሷም እንደ እናቷ ማሳከክ ከጀመራት ዓመት ሆኗታል፤ ሳሙናው ነው እያለች ራሷን ስትሸነግል ከርማለች። አንድ ቀን ወንበር ላይ ስትቁነጠነጥ እናቷ አይታት «ምነው?» ስትላት «ሙቀቱ ነው» ብላ ነበር።

«አውቃለች!» ብላ ጮኸች። «አውቃ ሰፋችልኝ! ምናለ በአፏ ብትነግረኝ? በዚሁ በሽታ ነው እኮ የሞተችው፣ በማህፀን አይደለም!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። አስተኝታችሁ እዩኝ እላለሁ። እምቢ ካሉም ከአልጋው አልወርድም!»

አክስቷ ሄዳ የጓዳውን በር ዘጋች፤ ተመልሳም ከጥቅሉ አንዱን አነሳችና ወገቧ ላይ ለካችው።

«እኔን ይጠበኛል» አለች፣ ቀና ሳትል። «ላስቲኩን ትንሽ ትለቂልኛለሽ?»

ልጅቷ አየቻት። «አንቺን ከጀመረሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

ልጅቷ የእናቷን መቀስ አነሳች። የወገቡን ስፌት መፍታት ጀመረች።